በፕላኑ መሠረት ቦይ ላይ ስለተኛችው እናታችን

ለተከበሩ የቤት ማሻሻያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደህና ናቸው? በመሥሪያ ቤትዎ በሮች ሁሉ ያለ ማንም ድጋፍ ሲወጡና ሲገቡ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ እንደሚያዩት፣ በእኛ ቤት ስለ ጉልበትና ስለ በር ሳናስብ የዋልንበት ቀን የለም።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ማድረጌን ይታገሡኝ። በዝግ የላክኋቸው ሁሉ «ደርሶናል» የሚል መልስ አግኝተዋል፤ ከደረሱ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። እናታችን ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ዊልቸሩ በመጸዳጃ ቤታችን በር አይገባም፤ የጎደለው ስፋት አንድ መዳፍ አይሞላም። ስለዚህ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተሸክመን እናስገባታለን፣ ተሸክመን እናስወጣታለን፣ በመካከሉ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን እንቆማለን። እሷም እኛን ላለማስቸገር ውሃ መጠጣት ቀንሳለች። ከንፈሯ ይደርቃል፤ «አልጠማኝም» ትላለች። ሐኪሙ ተቆጥቷል። እኛ የጠየቅነው ያንን በር እንድናሰፋ እንዲፈቀድልን ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ፣ እሰየው፣ ዘምኗል። በእጅ የተሣለ ንድፍ አይቀበልም። ባለጉዳይ ሁሉ የቤቱን ፕላን በጽሕፈት ቤቱ የቤት ዲዛይን ፕሮግራም ራሱ ሠርቶ እንዲያቀርብ ታዟል፤ «ጠቃሚ ምክሮችና ዘዴዎች» የተባለ መመሪያም ታድሎናል። ለዚህ መመሪያ ያለኝን ምስጋና፣ ምክሮቹን በተከተልንበት ቅደም ተከተል፣ እነሆ አቀርባለሁ።

፩. «ከመጀመርዎ በፊት ክፍሉን ባዶ አድርገው ያስቡት» ይላል የመጀመሪያው ምክር። አመሰግናለሁ፤ ሞክሬዋለሁ። ቁም ሣጥኑን፣ መጋረጃውን፣ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በሐሳቤ አንድ በአንድ አወጣሁ። አልጋውንም አወጣሁ። እናቴን ለማውጣት ስደርስ ቆምኩ። መመሪያው «ባዶ» ሲል ሰውንም ይጨምር እንደሆነ አላብራራም፤ በሚቀጥለው እትም ቢብራራ መልካም ነው።

፪. «ልኬት የንድፍ እናት ናት» ይላል ሁለተኛው። ለኪው ወንድሜ ነበር። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ጊዜ ነው። ሜትሩን እየጎተተ በእናታችን አልጋ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሻገር «ቤቱን ልትሸጡት ነው ወይስ እኔን?» አለችው። «አይ እማዬ፣ በር ልናሰፋልሽ ነው» አላት። «ታዲያ በሩ እኔ ሆድ ላይ ነው እንዴ ያለው?» የሆነው ሆኖ ልኬቱ ትክክል ነበር። እኔም ደግሜ ለክቼዋለሁ።

፫. «ግድግዳ ሲሥሉ ‹ማግኔት› የሚለውን ይክፈቱ፤ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ያርምልዎታል።» ክቡር ሆይ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያጋደለው ቤቱ ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የኋላውን ክፍል የሠራው ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን የጎርፍ ቦይ ተከትሎ ነበር፤ ቦዩ ሲያጋድል ግድግዳውም አብሮ አጋደለ። በዚህ ምክንያት ክፍሉ በአንድ ጫፉ ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ነው። የእናታችን አልጋ ያለው በሰፊው በኩል ነው። ግድግዳውን እንዳለ አጋድዬ ሣልኩት። እጄን ሳነሳ ቀጥ አለ። እንደገና አጋደልኩት። እንደገና ቀጥ አለ። ማግኔቱን ላጠፋ ብሞክር «ለፈቃድ በሚቀርብ ንድፍ ላይ ማጥፋት አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ግድግዳው ሲቃና የክፍሉ ሰፊ ጫፍ ተቆርጦ ወደ ውጭ ቀረ። ከክፍሉ ጋር የተያያዘው የመጸዳጃ ቤት ግድግዳም ከአዲሱ ማዕዘን ጋር ለመስማማት አንድ እርምጃ ያህል ወደ ክፍሉ መሃል ገባ። አልጋው ግን በለካነው ቦታ ጸንቶ ቀረ። ማለትም ከግድግዳው ውጭ። ማለትም ቦዩ ላይ።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሰው መስመር ሳቃና ነው የምውለው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተቃና ነገር አስፈርቶኝ አያውቅም ነበር።

፬. ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ንድፉን እንደዚያው ላክነው። መልሱ በሚያስመሰግን ፍጥነት መጣ፦ «አልጋው ከይዞታዎ ውጭ፣ በሕዝብ መሠረተ ልማት ላይ ያረፈ በመሆኑ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።» ወንድሜ ጮክ ብሎ አነበበውና «እማዬ ተነሺ፣ የመንግሥት ቦይ ላይ ተኝተሻል» አላት። «ታዲያ ለምንድን ነው የማልረጥበው?» አለች። ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየናትም፤ ለዚህም ጽሕፈት ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የባለጉዳይ መስኮት ሄድኩ። ባለሙያዋ ትሑት ነበረች። «የኔ እህት፣ አልጋውን አንሺው» አለችኝ። አልጋው ቦይ ላይ እንዳልሆነ ነገርኳት። «ሲስተሙ ላይ ግን ነው» አለች። መጥታ ብታየው ቤት ውስጥ እንደሆነ ነገርኳት። «እኔ ቤትሽን በምን አውቀዋለሁ? እኔ የማየው ይሄን ነው» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። ከኋላዬ የተሰለፉትም አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አንድ ሽማግሌ «አይ የዘንድሮ ልጅ! እናትን እዚያ ላይ?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቦዩ ነው። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ማንም አልነበረበትም።

፭. «ቦታ ያልበቃቸውን ዕቃዎች ያለ ርኅራኄ ይሰርዙ።» ሰረዝኩ። አልጋ ሲሰረዝ ትንሽ ድምፅ አለው፤ የውሃ ጠብታ ይመስላል። በምትኩ ከዕቃ ማውጫው ዊልቸር ፈለግሁ። ፒያኖ አለ። የውሻ ቤት አለ። የመዋኛ ገንዳ በየዓይነቱ አለ። ዊልቸር የለም። መመሪያው «የበሩን መጠን ለማረጋገጥ የሰው ምስል ያቁሙ» ስለሚል አቆምኩ። ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ረጅም፣ ጎልማሳ፣ እጁን ኪሱ የከተተ። መቀመጥ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ተጫንኩት። አሁን ያለን በር ለእሱ በቂ መሆኑን ፕሮግራሙ በአረንጓዴ ምልክት አረጋግጦልናል። እንኳን ደስ ያለው።

፮. «መልስ» የሚለውን ቁልፍ በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። የመጨረሻውን ድርጊት ይመልሳል፤ ደጋግመው ሲጫኑት ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ከዚያም በፊት የነበረውን። እናታችን የወደቀችው ግን ፕሮግራሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ አይመልስም።

፯. አልጋ የሌለበትን ንድፍ መልሰን ላክን፤ በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። ባለ ማኅተም። ወንድሜ ሳመው። እኔ በሙያዬ ጠባይ ከፕላኑ ጋር እያስተያየሁ ሳነበው፣ እንድንከፍት የተፈቀደልን በር ያለው ወደ ክፍሉ መሃል በገባው ግድግዳ ላይ መሆኑን አየሁ። ማለትም በሌለው ግድግዳ ላይ። እውነተኛውን ግድግዳ መንካት ግን «ከፕላን ውጭ የሚደረግ ግንባታ» ስለሆነ ያስቀጣል። ወንድሜ «እንግዲያው አየሩን እንፈንቅለዋ» አለ።

ለማስረዳት ብለን ራሳችን ተቆጣጣሪ እንዲላክልን ጠየቅን፤ ስለላኩልንም አመሰግናለሁ። ጨዋ ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ታብሌቱን እያየ እስከ ክፍሉ መሃል ሄደና ቆመ። «ግድግዳው እዚህ ጋ ነበር መሆን ያለበት» ብሎ መዳፉን አየር ላይ ዘርግቶ አሳየን። ቀጥሎ ወደ አልጋው ዞሮ «ይሄ ደግሞ ፕላኑ ላይ የለም» አለ። እናታችን ከተጋደመችበት ሆና «አረፍ በል ልጄ፤ ወንበሩ ፕላኑ ላይ ካለ» አለችው። አላረፈም። ቤታችን ከጸደቀለት ፕላን ማፈንገጡን መዘገበ፤ ወይ ቤቱን ከፕላኑ ጋር እንድናስማማ፣ ወይ አዲስ ፕላን በዚያው ፕሮግራም እንድንሠራ መከረን። አዲሱንስ ፕሮግራሙ እንዳያቃናው እንዴት ልናደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ማግኔቱማ አይጠፋም» አለ፤ ሲናገር ጥቂት ያፈረ መሰለኝ።

ሲወጣ ግን የሌለውን ግድግዳ ዞሮ ነው የወጣው። ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም አንዳንዴ ሳላስበው እዞረዋለሁ። ትሪ ይዤ እንኳ እዞረዋለሁ።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ምስጋና ነበር። ከዚህ በታች ያለው ማሳወቂያ ነው።

ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ እናታችንን እንደ ወትሮው ለማንሳት እጃችንን ዘረጋን። ገፋችን። «እናንተ ፊታችሁን ስታዞሩ እኔ የት ላዙር?» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ብላን አታውቅም። ቀጥላ «አፍርሱት» አለች። ወንድሜ «እማዬ፣ ይቀጡናል እኮ» አላት። «ቤቱ በማን ስም ነው? እኔን ይቅጡኝ። ሲመጡ አልጋዬ ላይ ያገኙኛል፤ ወይ ቦዩ ላይ ይፈልጉኝ።»

ግንበኛ ጠራን። እውነተኛውን የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ፣ እሱም አብሮ ያጋደለውን፣ አባታችን ያቆመውን፣ ከአሮጌው መቃን ጎን ፈነቀልነው። አዲስ ሰፊ መቃን ገባ፤ በር ተገጠመ። ልስኑ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ እናታችን መንኮራኩሩን በገዛ እጇ እየገፋች ሄደች። ደፉ ላይ ትንሽ ያዝ አደረጋት፤ ሁለታችንም ተንደረደርን፤ «ወዲያ!» አለች። ወደ ኋላዋ ሸሸት ብላ እንደገና ገፋች። አለፈች።

በሩን ከውስጥ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማን።

እኔና ወንድሜ በሩ ፊት ቆመን ቀረን። እጃችንን ምን እንደምናደርገው አላወቅንም። እሱ ወደ ኪሱ ከተተው፤ እኔ መቃኑን ያዝኩ። ብትወድቅስ? በሩን እንዴት እንከፍታለን? ይህን በሐሳቤ ስል ከውስጥ «ትንፋሻችሁ ይሰማኛል! ሂዱ ከዚያ፣ ሥራ የላችሁም?» አለች። ሄድን። እስከ ደጁ ድረስ ሄድን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረግነው ያለ ፈቃድ ነው፤ አንክድም፣ ይቅርታም አንጠይቅም። መሥሪያ ቤትዎ ቀጥ ባለው መንገዱ ጸንቶ እንዲኖር፣ ግድግዳዎቹ እንዳያጋድሉ፣ እርስዎም ዕድሜ ጠግበው ጉልበት ሲከዳዎ ሌላ ሰው የሚዘጋልዎ ሳይሆን ራስዎ የሚዘጉት በር እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከፕላን ውጭ ካለው ቤታችን፣ በታላቅ አክብሮት፣

ትእዛዝዎን አክባሪ ለመሆን ብዙ የሞከረች፣
የባለቤቲቱ ልጅ

ግልባጭ፦
ለመስኮቷ ባለሙያ
ጫማውን አውልቆ ለገባው ተቆጣጣሪ
በሰልፉ ላይ ከንፈራቸውን ለመጠጡት አባት (እናቴ ቦይ ላይ አልተኛችም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሕገ ወጡን በር ለማሸግ ሠራተኞችዎን ሲልኩ አስቀድመው እንዲያንኳኩ ቢያዙልኝ። ከውስጥ «ሰው አለ!» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ሲስተሙ ላይ ባይታይም፣ እስክትወጣ ድረስ ቆመው ይጠብቁ። ፊታቸውን ማዞር አያስፈልጋቸውም። እናታችን አሁን ስትገባ አትቸኩልም።