የደሴቲቱን ሙታን ማን አለበሳቸው?

ለተከበሩ የከተማችን የባህል አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፤ እንዲሁም በአንዲት ደሴት ላይ ከመቃብር ስለሚነሡ ሙት ወታደሮች የሚተርከው አስፈሪ ፊልም ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ካሜራ አንሺ እና የሙታኑ ጄኔራል፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉሮሮዎም ከጄኔራሉ ጩኸት ያገገመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ያስታውሱኝ እንደሆነ እርስዎንም አምስተኛ ክፍል አስተምሬዎታለሁ። የሙታኑን ልብስ የሰፋችው ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ በአዳራሹ ሲመረቅ፣ ሊፈራ የተጠራው ሕዝብ በሳቅ ሲንከተከት ማየቴ አሳዝኖኛል። በማግሥቱ አዳራሹ በር ላይ በማኅተም አስደግፈው በለጠፉት ማስታወቂያ፣ የሳቁ ምክንያት «የልብስ ሰፊዋ ስህተት» ብቻ መሆኑን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ጥፋተኛን በአንድ ቀን አጣርቶ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም እኔ እንደ ልማዴ ደብተርና እርሳስ ይዤ ስለገባሁ፣ ሕዝቡ ስንት ጊዜ እንደሳቀ ቆጥሬያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ዝርዝሩን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ደሴቲቱ (አምስት ሳቅ)። «በመርከብ የሦስት ቀን ጉዞ የምትርቅ፣ ከመቶ ዓመት ወዲህ ሰው ረግጧት የማያውቅ ደሴት» ሲባል ሰምተን ለመፍራት ተዘጋጀን። ወዲያው ከጄኔራሉ ትከሻ በላይ የከተማ አውቶቡስ አለፈ፤ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘልን። ደሴት የተባለችውን፣ በችግኝ ጣቢያው ኩሬ መሃል ያለችውን ጉብታ ሁላችንም እናውቃታለን። ጀግናው ነፍሱን ለማዳን በዋና ሲያመልጥ ውኃው ከጉልበቱ አላለፈም፤ ለመዋኘት ያደረገውን ጥረት ግን አደንቃለሁ።

2. ቁጥሩ (ስድስት ሳቅ)። ጄኔራሉ «አራት መቶ ሆነን እንነሣለን» ብለው ዝተው ነበር። የተነሡት ሰባት ናቸው። ሰባቱ በካሜራው ፊት እያለፉ፣ በኋላ በኩል ዞረው እንደገና ማለፋቸው ገብቶኛል። ነገር ግን አንደኛው የሚያነክስ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ልጅ አዋቂው ለየው። ከጎኔ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቤቱ አይገባም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

3. ፊታቸው (ስድስት ሳቅ)። ለማስፈራሪያ የተቀቡት ዱቄት በኩሬው ውኃ ርሶ ሊጥ ስለሆነ፣ ከአሥረኛው ደቂቃ ጀምሮ ሙታኑን ከኋላ ብቻ መቅረጽዎ ብልህነት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሰባት ጀርባ ተመልክተናል። እኔ በበኩሌ አሁን መንገድ ላይ ባገኛቸው በጀርባቸው ለይቼ ሰላም እላቸዋለሁ።

4. ልብሱ (ሁለት ሳቅ)። እዚህ ላይ እህቴ ጥፋተኛ ናት፤ አልክድም። «መቶ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየ ይምሰል» ብለው አዘዟት፤ እሷም አዲሱን ልብስ እንደታዘዘችው ቦታ ቦታው ላይ ቀደደችው። ነገር ግን ከሱቋ የተቀደደ ልብስ ወጥቶ አያውቅምና አላስቻላትም። መጀመሪያ አንዱን ቀዳዳ ጠቀመች፤ ቀጥላ ከጎኑ ያለውን፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ጨርሳ፣ የጎደለውን ቁልፍ ተክላ፣ በካውያ ተኩሳ ላከችልዎ። ምን ነካሽ ብላት «ጋሼ፣ ሙትም ቢሆን ሰው ፊት ነው የሚቆመው» አለችኝ። ስለዚህ ሙታኑ ከጭቃ ሲወጡ የሱሪያቸው መስመር ቀጥ ብሎ መታየቱ እውነት ነው። ይህ ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱን ይሸፍናል። የቀሩትን አሥራ ሰባት የሚመለከት ማስታወቂያ መቼ እንደሚለጠፍ ቢነግሩኝ ሄጄ አነባለሁ።

5. ስሙ። በዚህ ማንም አልሳቀም። በፊልሙ መጨረሻ የእርስዎ ስም ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል፤ የአውቶቡሱ ረዳት እንኳ ተመስግኗል። እህቴ ግን ያንን ጽሑፍ እንዲያዩላት ጎረቤቶቿን ጠርታ ሁለት ረድፍ አስይዛ ነበር። «ቆዩ፣ አሁን ይመጣል» እያለች ማንንም አላስነሣ አለች። መብራቱ በርቶ ጽዳት ሠራተኛዋ ከገባች በኋላም እንደተቀመጠች ነበረች። ከማስታወቂያው ወዲህ ደግሞ ደንበኞቿ ልብስ ሲሰጧት «በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ እንዳትረሺ» ይሏታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ታላቅ ወንድሟ ስለሆንኩ ያ ሳቅ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ማስታወቂያው ይነሣ፣ ስሟም በፊልሙ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይጻፍ። ከዘጠኙ አንዱን ቢለቁላት ስምንት ይቀርልዎታል። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

ሰባት ሰውን የአራት መቶ ሰው ሥራ ማሠራት ለቻለው አመራርዎ ያለኝ አድናቆት ሳይቀንስ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርዎ

ማሳሰቢያ፦ የክፍል ሁለት ቀረጻ ሰኞ እንደሚጀመር ሰምተን ደስ ብሎናል። በማስታወቂያ ከወቀሷት በኋላም ሰባቱን ልብሶች እንድታጥብ ወደ እህቴ መላክዎ ትልቅ እምነት ነው፤ ታጥበው፣ ተተኩሰው ተዘጋጅተዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ስሟን ከነአባቷ፣ ከሩቅ በሚነበብ ቀይ ክር፣ በድርብ ስፌት ጽፋበታለች። ፊደሉን እኔ አርሜያለሁ፤ ስህተት የለበትም። ልብሱን ሳትጎዳ ስፌቱን ልትተረትር የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ማስታወቂያው በተነሣና ስሟ በገባ ማግሥት ትጀምራለች። ይህ የማይመችዎ ከሆነ ሙታኑን ከፊት ለፊት መቅረጽ ይችላሉ። ዱቄቱ ግን በእርስዎ በኩል ይሁን።