የኦናው ድንጋይ

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ድንጋይ የለም ይሉኛል። ወሎ ላይ ቆሞ ድንጋይ የለም ማለት! በእርግጥ ገደሉ ሥር ሞልቷል፤ ግን የሚጭነው አህያ በድርቁ አልቋል፣ የሰዉም ጉልበት ገና አልተመለሰም። መንግሥት ቆርቆሮና ምስማር የሚሰጠው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ አቁሞ ለጠበቀ ቀበሌ ብቻ ነው። የትምህርት ኃላፊው ዓርብ ከመካነ ሰላም ከተማ ይመጣል። እስከዚያ ካልቆመ ቆርቆሮው ወደ ጎረቤታችን ወግዲ ይሄዳል፣ እኔንና ተማሪዎቼንም የበልጉ ዝናብ እንደ አምናው ዳስ ሥር ይደበድበናል።

ስብሰባው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር "ኦናዎቹ አሉ" አለ። ለሰፈራ ወደ መተከል የተወሰዱትን ሰዎች ባዶ ቤቶች ማለቱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

የሞላን ቤት አፈረስን። ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ሞላ ከሚስቱና ከልጁ ከአስካለ ጋር ከተወሰደ ዓመት አልፏል። ሦስቱም በወባ አለቁ ተብሎ መርዶ መጥቶ ተለቅሶላቸዋል።

ኦና ለመግባት የደፈረ ስለሌለ ቄስ ገብሬ ቀድመው ጠበል ረጩበት። ሊቀመንበሩ ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ጓድ አይደለ፣ ምን ያድርግ።

ጣሪያው ድሮም ወድቋል። የግድግዳውን ድንጋይ አንድ ሳናስቀር አጋዝነው። ጉልቻውን ግን ማንም አልነካም። ሦስቱ ድንጋዮች ከነጥላሸታቸው ሜዳ ላይ ቀሩ። እኔም አልነካሁም፣ ሳይንስ አስተማሪው።

አስካለ ተማሪዬ ነበረች። በግራ እጇ ነበር የምትጽፈው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋ አለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ጭስ። ጎህ ሲቀድ ከሞላ ጉልቻ ጭስ ይወጣል። ቤት የለም፣ ጭስ ግን አለ።

"ባለቤቱ መጣ፤ ቤቴን አምጡ ሊል ነው" አለች አንዲት ሴት። ድንጋይ የተሸከመ ሁሉ ባለበት ጣለ። ቄስ ገብሬ እንኳ ጠበላቸውን ይዘው መንደሩ ዳር እስካለው ግራር ሄዱና ተመለሱ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ገና ደረት ድረስ ነው። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው።

እኔ ሄድኩ። ጀግንነት አይደለም፤ የወሰደኝ ቆርቆሮው ነው። ጉልቻው አጠገብ ጋቢ የተከናነበ ሰው ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ሞላ ነው። ያልሞተው ሞላ፣ ከነወባው። ከሰፈራው ጠፍቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ መጥቷል። ብቻውን።

ልጠይቀው አፌን ስከፍት "እዚያው ቀሩ" አለ። ሁለቱም።

ቆይቶ ደግሞ "መምህር፣ ቤቴስ?" አለኝ። በእጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አመለከትኩት። ብዙ አየው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ማርያም ናት፤ ድንጋይ የሚነሳባት ቀን አልነበረችም። ቄስ ገብሬ "ለልጆቹ ነው፣ እሷም እናት ናት" ብለው ፈቀዱ፤ ማታ ላይ ግድግዳው ሊያልቅ ጥቂት ቀረው።

ሞላ ሙት አለመሆኑ ከታወቀ ወዲህ ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ከተያዘ ይመለሳል፤ የደበቀውም ይጠየቃል። ሊቀመንበሩ ኃላፊው እስኪመለስ ዋሻ ውስጥ እንዲቆይ ለመነው። ሞላ "ዓባይን የተሻገርኩት ዋሻ ልገባ ነው እንዴ፣ እናንተው?" አለ። አንዲት ሴት አጥሚት አመጣችለት፤ እጁን እንዳትነካ መሬት ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

ድንጋዬን መልሱ ቢል ምን እንደምንለው አላውቅም። አለማለቱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 22

ኃላፊው መጣ። ግድግዳውን ዞሮ አየ፣ በእጁ ገፋ ገፋ አደረገው። ዓይኑ ጋቢ የተከናነበው ሞላ ላይ አረፈ።

"ይኼ ማነው?"

"ግንበኛችን ነው፣ ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ።

"ታዲያ ምን አስቀመጠው?"

ሞላ ተነሳ። ከመሬት አንድ ድንጋይ አንስቶ ገለበጠው፣ ዳሰሰው፣ ግድግዳው ላይ አስቀመጠው። የቤቱ ደፍ እንደነበረ ኋላ ነገረኝ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ኃላፊው አየና "ብርዳችሁ አይቻልም" ብሎ ፈረመ። ቆርቆሮው ለሚያዝያ ነው።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄ ከበደኝ። "አብሽር መምህር" አለኝ ሞላ። እሱ እኔን።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

ጣሪያ ባይኖረውም ልጆቹን አስገባሁ። ጥጉ ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ተቀምጠዋል። ሞላ ነው ተሸክሞ ያመጣቸው። "ጎጆ እስክቀልስ እዚህ ልደር፣ ቀን እወጣላችኋለሁ" ብሎ ነበር። ማን እምቢ ይለዋል?

ልጆቹ ጉልቻውን ሸሽተው በወዲያኛው ጥግ ተፋፈጉ። ዛሬ ገና ትምህርት የጀመረች አንዲት ትንሽ ልጅ፣ የቄስ ገብሬ የልጅ ልጅ፣ ቦታ አጣችና ሄዳ አንዱ ጉልቻ ላይ ቁጭ አለች። ላስነሳት ስል ሞላ ከበሩ ላይ "ተዋት" አለኝ። "አስካለም እሱ ላይ ነበር የምትቀመጠው።"

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን አወጣች። ቶሎ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞርኩና ሀ ሁ ጻፍኩ። በየትኛው እጇ እንደምትጽፍ ማየት አልፈለግሁም።