በአንድ ዓይን ስለ ወጣው የ«ቡቃያ» መጽሔት ሽፋን

ሰኔ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ኃይለ ሚካኤል
ባሉበት

የተከበሩ ርዕሰ መምህር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የቢሮዎንና ያን እስከ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማውን የድምፅ ማጉያዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሰው ፊቴን እንዳያየው ብዬ ግን ካለፈው ሰኞ ወዲህ ዋናውን መንገድ ትቼ በጓሮ በኩል ነው የምመላለሰው።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነቡት ሁሉ ማንነቴን ልግለጽ። በመናኸሪያው አጠገብ የሱቅና የሻይ ቤት ማስታወቂያ የምጽፈው ባዘዘው ነኝ። በሉማሜም ሆነ በቁይ ከተማ ሥጋ ቤት በር ላይ ፈገግ ያለ በሬ ካያችሁ የእኔ እጅ ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁም፤ በልጅነቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት የተባሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለም ሲበጠብጡ አጠገባቸው እየተቀመጥሁ ነው የለመድሁት። የእህቴ ልጅ መቅደላዊት ደግሞ የእርስዎ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ እስካለፈው ሰኞ ድረስ የተማሪዎች መጽሔት የ«ቡቃያ» አዘጋጅ ነበረች። ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. በመጀመሪያ ፊትዎን ለተማሪው ስለ ለገሱ አመሰግናለሁ። መቅደላዊት ለሽፋኑ ያሰበችው ሌላ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት እየዞረች «ምን ዓይነት ሥዕል ብታዩ መጽሔቱን ታነሡታላችሁ?» እያለች ተማሪዎቹን ጠየቀች። አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው ለሦስት ለአራት ቤት የተከራዩ ልጆች ናቸውና እሁድ ከሰዓት በኋላ ስንቃቸውን በጆንያ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚገቡ ሦስት ተማሪዎች በእርሳስ ነድፋ አመጣችልኝ። አቧራው እስከ ጉልበታቸው ነው፤ አንደኛዋ እየሄደች ደብተር ታነባለች። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ስያለሁ፤ እንደዚያች ልጅ አካሄድ ግን ስዬ አላውቅም። እርስዎ ንድፉን ባዩ ጊዜ «ሽፋን ላይ ጆንያ? እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል?» ብለው፣ በጆንያው ፈንታ የራስዎን ምስል በደግነት ፈቀዱ። በሰልፍ ላይ ከሩቅ ብቻ ያይዎት የነበረው ተማሪ ቤቱ ድረስ ይዞዎት እንዲሄድ ስላሰቡለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. ስለ ሰጡኝ ግልጽ መመሪያም አመሰግናለሁ። የመታወቂያ ፎቶግራፍዎን በፖስታ አድርገው አመጡና «ይኼ ወደ ካሜራው ነው የሚያየው፤ እርስዎ ግን የነገውን እንደሚያይ ሰው አድርገው ይሣሉኝ፤ ዓይኔ አድማስ ላይ ይሁን» አሉኝ። እኔም ወደ ጎን አዞርሁዎት። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ። ሲያዩት «ግርማ ሞገስ አለው!» ብለው ከጀርባው ማኅተም አሳረፉበት።

የተከበሩ ሆይ፣ በዚህ አገር በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እርስዎ በስብሰባ ብዛት ዘንግተውት ይሆናል። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። መሪጌታ መጀመሪያ ያስተማሩኝ እሱን ነው። ፊትዎን በትንሹ ወደዚህ መለስ አድርጌ አድማሱንም ሳላስቀር ሁለተኛውን ዓይን ማውጣት እችል ነበር፤ እንዲያውም ነድፌው ነበር። ከዚያ አጠፋሁት። አጥፍቼው ብቻዬን እስኪያስለኝ ድረስ ሳቅሁ። ለመቅደላዊት አልነገርኋትም። በስስ ወረቀት ጠቅልዬ ስሰጣት «ጋሼ፣ ከጆንያው ባይበልጥም ያምራል» ብላ ፈረመችበትና በእግሯ ወደ ማተሚያ ቤት ወሰደችው።

3ኛ. ባለፈው ቅዳሜ በወላጆች ቀን የሆነውን እርስዎም ያስታውሱታል፤ እኔም ልረሳው አልቻልሁም። ከእንግዶቹ መካከል የነበሩት እማሆይ ወለተ ኪዳን ማንበብ ባይችሉም ሥዕል ካዩ መሳለም ልማዳቸው ነውና «ቡቃያ»ን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ከንፈራቸው ካስጠጉ በኋላ፣ ዓይኑን አይተው ድንገት አራቁት፤ አማተቡም። ከኋላቸው የነበረው አንድ ዲያቆን ተማሪ ሳቁን በነጠላው አፈነ፤ ከዚያ በኋላ የሚያፍን አልተገኘም። ከወላጅ ኮሚቴው አንዱ ቄስ ነገሩን በጆሮዎ ሹክ ሲሉዎት ከጥግ ሆኜ አይቻለሁ። ጥፋተኛዋን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስላገኙ ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ማጠፊያ ግን ሁለት ዓመት ተፈልጎ እስካሁን አልተገኘም። በሽፋኑ ላይ የተቃወመችዎት መቅደላዊት ስለሆነች፣ የተበቀለችዎትም እሷ መሆኗን ወዲያው ደረሱበት።

ሰኞ ጠዋት እኔ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ መሰላል አቁሜ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እየጻፍሁ ነበር። እርስዎ ከሥር መጥተው በትሕትና «ጋሽ ባዘዘው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ልጅቷ እንዳዘዘችዎ ነው የሠሩት፣ አይደል?» አሉኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

ቃል እንኳ አላወጣሁም። አገጬ ብቻ ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ሰልፉ ተጀመረ፤ መቅደላዊትም በድምፅ ማጉያው እርስዎ የጻፉላትን የይቅርታ ወረቀት አነበበች። ክፉ ሐሳብ ያደረባት፣ አለቃዋን ያዋረደች፣ የተማሪውን ስም ያጎደፈች መሆኗን አራት ነጥቡ ላይ በደንብ እያረፈች አነበበችው። እሷ ስታነብ እኔ «መጣችሁ» የሚለውን እየጨረስሁ ነበር። ፊደሎቹ አልተንጋደዱም። ሄዳችሁ እዩት፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጄ ለትንሽ እንኳ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በመጠኑ ይቀለኝ ነበር።

4ኛ. ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ተራ ቁጥሩን ግን ይዞ ይሂድ። በማግስቱ ለምሳ እህቴ የብርጓል ቤት ሄድሁ። መቅደላዊት ልታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እኔም እንደ ልማዴ «እሜቴ አዘጋጅ፣ ዛሬ ምን ዜና አለ?» አልኋት።

«አዘጋጅ አይደለሁም ጋሼ» አለችና ውኃውን ማንቆርቆሯን ቀጠለች። ድምፅዋንም ሳታነሣ «ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለተኛውን ዓይን እኔ እሠራው ነበር» አለች።

ለካ ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለች። ለምን ስሜን እንዳልጠራች ስጠይቃት የመለሰችልኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «አዘጋጅ አይቶ ነው የሚፈርም። አይቼ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ የእኔ ነው።» እናቷ ከጓዳ «ምን እያላችሁ ነው?» ስትል ሁለታችንም ምንም አላልንም። የእሷ ዝምታ እኔን ለመሸፈን ነበር፤ የእኔም እንደዚያው እኔኑ ለመሸፈን ነበር።

የተከበሩ ርዕሰ መምህር ሆይ፣ የሽፋኑ ዋና ወረቀት በእጅዎ ስለሚገኝ እባክዎ ገልብጠው ይመልከቱት። ከጀርባው የእኔ ስም፣ የእሷ ፊርማና የእርስዎ ማኅተም አለ። ሦስታችንም አይተን ነው ያሳለፍነው። «የእኔ ነው» ያለችው ግን የአሥራ ሰባት ዓመቷ ብቻ ናት። እርስዎ ባለማወቅ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ ይህን እንኳ ልል አልችልም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። በግል ማኅደሯ የገባው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይውጣ፤ የመጽሔቱም አዘጋጅነት ይመለስላት። በፊታችን ሰኞ ደግሞ በዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ክፉ ሐሳብ ያደረበት ማን እንደ ሆነ ራሴ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ወረቀት ሊጽፉልኝ አይድከሙ፤ የምለውን አውቀዋለሁ። ድምፅ ማጉያው ከተበላሸም ግድ የለም፤ መሰላል ላይ የኖረ ሰው መጮህ ይችላል። ባይፈቀድልኝም በሰዓቱ እገኛለሁ።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለማኅተምዎና ከመሰላሉ ሥር ቆመው ላሳዩኝ ርኅራኄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ርኅራኄው ለማይገባው ሰው የተሰጠ መሆኑን በራሴ ፊርማ አረጋግጣለሁ።

አክባሪዎ፣
ባዘዘው፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ
የመቅደላዊት አጎት (እሷ ከፈቀደች)

ግልባጭ፦
ለወላጅ ኮሚቴ
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለእህቴ ለወይዘሮ የብርጓል፣ ከምሳ በኋላ እንዲነበብላት

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ደብዳቤ ረቂቅ አሥራ አራት ቅሬታ ነበረው፤ አሥራ ሦስቱም በእርስዎ ላይ ነበሩ። ከመለጠፌ በፊት ለመቅደላዊት ሰጠኋት። እስክሪብቶ አንሥታ አሥሩን ሰረዘች፤ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰው ለማሳቅ ናቸው» አለችኝ። ስለ ጫማዎና ስለ ስብሰባ ንግግርዎ የጻፍሁት ሁሉ በዚህ ቀረ። ከአዘጋጅነት ያነሷት ልጅ ክብርዎን ከእርስዎ በተሻለ ስለ ጠበቀችልዎ፣ ሲመቸዎት ያመስግኗት።