ሳያውቁ የተቀዱት ሰው

ሰኞ

ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም! ተስፋዬን ማለቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ ተመድቦ የመጣውን የሬዲዮ ባልደረባዬን። ከፍስሐ ገነት ስንመለስ መኪናው ውስጥ መቅረጫ ቴፑን ከፈተው፤ የቡና ገበሬው የአቶ በራሶ ድምፅ! ሰውዬው እኮ «መጀመሪያ ያንን ዕቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ እናወራለን» ብለው ነበር። ተስፋዬም ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ለካ አላጠፋውም! ቆጮ ቀርቦልን እየበላን፣ «የሱሌማን ልጅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ» እያሉ ሁሉንም ዘረገፉት። መንግሥት በወሰነው የኮታ ዋጋ ከመሸጥ ቡናቸውን ነቅለው እንሰት ሊተክሉ ነው። ይኼ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ያሳስራል። በየመሀሉ «አቶ በራሶ» እያልኩ ስማቸውን የጠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ተስፋዬ ይስቃል።

ማክሰኞ

ቢሮ ውስጥ ተጨቃጨቅን። «እውነቱ ከተገኘ እንዴት ተገኘ ምን ያደርጋል? ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ?» ይለኛል። ሚዛን የሚያጭበረብር የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ለመያዝ ቢሆን ቦርሳውን እኔው እሸከምልህ ነበር አልኩት። ቤቱ አስገብቶ ያበላህን ገበሬ ግን? «አሻጥረኛ አጋለጠ» ተብሎ አዲስ አበባ መመለስ ነው የሚፈልገው።

አለቃችን ይገስጸዋል ብዬ ነበር። «ሐሙስ የአውራጃው ፓርቲ ኃላፊ ጓድ ይስሙት» አለና ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

ረቡዕ

የአውራጃው ጓድ አደባባይ ላይ ንግግር አደረጉ፤ ቀጂዋ እኔ። እኛ ቢሮ አዲስ ካሴት ብርቅ ነው፤ ሁሌም በአሮጌው ላይ ደርበን ነው የምንቀዳው። መሳቢያውን ከፈትኩና ያንኑ ካሴት ይዤ ወጣሁ። ጓድ ሁለቱም ገጽ እስኪሞላ ስለ ቡና ኮታ ተናገሩ። ረጅም ንግግር ስወድ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ

አለቃችን «የገበሬውስ?» አለ።

«የጓድን ንግግር ቀዳሁበት። ላጥፋው?»

ማን ደፍሮ አጥፊው ይላል! ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ «በቸልተኝነት» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ተስፋዬ ሌባ አለኝ። አዎ፣ ሰርቄያለሁ። እሱስ? ያም ሆኖ ስማቸውን ያውቃል፣ ቤታቸውንም ያውቃል። ይኼ ያስፈራኛል።

ቅዳሜ

አቶ በራሶን ዲላ ገበያ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ተስፋዬ ከመጣም እንዲጠነቀቁ።

«ስንበላ ዕቃው ይሰማን ነበር?» አሉ።

«አላወቅሁም ነበር፣ ወላሂ!»

«ቤቴ ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለአባቴ ሰላምታ ላኩ። ልሰናበታቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልጨበጡኝም።