ውሃ የማይወደው ዘር

ለጠፋኸው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና አባባ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የላክኸው ዘር ነው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ዘር ነው የላክህልን? ማሸጊያው ላይ «የበረሃ ተክል ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቻ ውሃ ይጠጣ» ይላል። አሸዋ ነፍቼ፣ ጣሳ ሸንቁሬ ከአባባ ጋር ዘራነው። በቀለና ደስ አለን፤ በአሥረኛው ቀን ግን ከሥሩ በሰበሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በሠሩት በአባባ እጅ ችግኝ ይበሰብሳል? የሸጠልህ ነጋዴ ጉድ ሠርቶሃል!

ሰኞ ጠዋት አባባ ሦስተኛውን ሲያጠጡ አየኋቸው። እጄን ታጥቤ ስመለስ እንደገና ያጠጣሉ። «አባባ፣ አሁን አጠጥተውት አልነበር እንዴ?» ብላቸው «ውሃ ካየ ሳምንቱ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። ተናድጄ ማጠጫውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። በኩባያ ቀጠሉ። አሁንም ጥፋቱ የዘሩ ነው እላለሁ።

ትናንት ደግሞ «ይህን ዘር ማነው የላከው?» አሉኝ። ስምህን ነገርኳቸው።

«ደግ ሰው ነው፤ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ቀልዳቸውን ታውቀው የለ? እኔም ሳቅሁላቸው።

ሁለተኛ ዘር እንዳትልክብኝ፤ መላክ ካማረህ ራስህን ላክ።

በንዴትም በናፍቆትም፣
እህትህ