ደህና መሆንሽን ለማንም አትንገሪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ደልጊ ዝናቡ እንዴት ነው? ደህና ከሆንሽ ተመስገን፤ ግን ደህና መሆንሽን ለማንም አትንገሪ። ምክንያቱን እታች ታገኚዋለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አማቴ ከአጠገቤ አይጠፉም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጀልባ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሀዲስ እሰጠዋለሁ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ፊቴ አብጦ ሰውነቴን ሲያሳክከኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ፋሲካ ላይ ዶሮውን በላሁ፣ ምንም አልሆንሁም። አማቴ እትዬ የብርጓል ይህን አይተው ጾም የሚጠላ መንፈስ አለባት አሉ። የቄስ ሚስት ሆነው ኖረው ሌላ ምን ይበሉ?

ሐኪም ቤት ስሄድ ግን ሐኪሙ ምክንያቱን አገኘው። አኩሪ አተር ነው፤ ሰውነቴ አይቀበለውም። እትዬ በጾም ሥጋን ይተካል ብለው ከሽሮው ጋር ያስፈጩታል፣ በፍስክ ወራት ቤታችን አይገባም። ሐኪሙ ለእኔና ለባለቤቴ ለሕዝቅኤል፣ ከእንግዲህ ከቀመሰች ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል ብሎ ነገረን።

ለእትዬ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ራሴን እየደባበሱ «ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም፤ እሱ ነው የሚያናግርሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምን አፍ ይኖረኛል? አልበላም ስል እሱ ነው፣ ሳለቅስም እሱ ነው። ወደ ሕዝቅኤል ዞርሁ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «እማዬ ‹ሽሮዬ መርዝ ነው አላችሁኝ› ብላ ትቀየማለች፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ይለኛል። ይኸው ፍልሰታ ገባ፣ ገና ቀስ እያለ ነው። እንደ እሱ ያናደደኝ ሰው የለም።

እሑድ ዘጌ ሱባኤ ሊያስገቡኝ ነው። ጠበሉን እጠጣለሁ፣ ስንቁን እትዬ በእጃቸው ያጎርሱኛል። ስንቁ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ይህን ስጽፍ ጓዳ ሆነው አኩሪ አተር እየቆሉልኝ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ይወዱኛል እኮ። ቢጠሉኝ ኖሮ ጥዬ እወጣ ነበር።

በጾም ዋሺልኝ ማለት ይከብደኛል። ግን ታምሜያለሁ፣ ልጄን ላኩልኝ ብለሽ ከእሑድ በፊት ለሕዝቅኤል ደውዪለት። እናቷ ታማ አትሂድ የሚል በዚህ ቤት የለም። ድምፅሽን ደከም አድርጊው።

ስመጣ ምንም ያልተደባለቀበት የሽምብራ ሽሮ ይቆየኝ። ለጋቢዬ የምትፈትዪውን ጥጥም ሁሉንም አትጨርሺው፣ ለትንሽ የሕፃን ማቀፊያ የሚሆን አስተርፊልኝ። ለሕዝቅኤል አልነገርሁትም። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።

በጾሟ እመቤቴ በደህና ታገናኘን፣ ዕድሜሽንም ታርዝምልኝ።

ጥሪሽን የምትጠብቅ
ልጅሽ