የቅዳሜና እሑድ ክኒኖች

ጥቅምት 1፣ ረቡዕ

በዚህ ደብተር ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እናዘዛለሁ፦ የእህቴን ማርማላታ የበላሁት እኔ ነኝ። ሁለት ማንኪያ። እሺ... አራት። የስምንት ዓመት ልጅ ክኒኗን የምትውጥበት ማርማላታ ስለሆነ ወንጀሌ ከባድ ነው። እማዬ ጠዋት ብልቃጡን አይታ አባዬን ጠረጠረች። እሱም አልተከራከረም። ምስኪን፣ ሳይልስ አልቀረም።

ክኒኑን ከጀመረች ስድስት ሳምንቷ። ሐኪሙ የችግሩን ስም ሲነግረን "ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመቅበጥበጥ ችግር" አለን። ስሙን እስከ መጨረሻው ለመስማት ራሱ ትኩረት ይጠይቃል። እኛ ቤት ስሟ አጭር ነበር፦ ሞተር።

ነበር... ለምን "ነበር" አልኩ?

ጥቅምት 2፣ ሐሙስ

አባዬ መኪና መንዳት ያስተምራል። ከተማሪው ጎን ሲቀመጥ የራሱ ፍሬን አለው። ቤትም እግሩ አያርፍም። ሞተር ሳሎኑን ስታቋርጥ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። "ቀስ! መታጠፊያ አለ!" ምንጣፉ እዚያ ጋ ተበልቷል።

ዛሬ እራት ላይ ሩዟን በሹካ ስትበትን ቆየች። አልበላችም። የቤት ሥራዋን ግን ጨርሳለች፣ ሙሉ ገጽ! እማዬ ገጹን ለጎረቤት ሁሉ አዞረችው። አባዬም አጨበጨበ። ከዚያ ማንም ሳይሮጥ፣ ማንም ሳይነሳ... እግሩ ወለሉን ረገጠ።

"ምን ያስገለፍጥሃል?" አለኝ አባዬ።

"ምንም። ማን ሊገጨን ነበር?"

"ብላ አንተ!"

እኔን "ጋሼ ቀጭኔ" ነበር የምትለኝ። ቁመቴ ያስገኘልኝ ማዕረግ ነው። ክኒኑን በወሰደች ቀን ግን "ወንድሜ" ነኝ። ወንድሜ! ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ይመስል።

ጥቅምት 5፣ እሑድ

ትናንትና ዛሬ ሞተር ተነሳ! ሶፋው ላይ ዘለለች፣ ሁለት ብርጭቆ ሰበረች፣ ሁለት ሰሃን ሩዝ በላች። "ጋሼ ቀጭኔ፣ ዝናብ ሲዘንብ ቀድመህ የምትርሰው አንተ ነህ?" መልሱን ሳትሰማ ሄደች። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

እማዬ ከምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ስትገባ ስብርባሪውን አየች። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለሚበዛባቸው ክኒኑን የሚሰጠው አባዬ ነው። ቁጭ ብላ ሐኪሙ የሰጣትን ቅጽ ሞላች። ቅዳሜ፣ መጥፎ። እሑድ፣ በጣም መጥፎ።

"ይሄ ክኒን ቅዳሜና እሑድ ለምን እንደማይሠራ አልገባኝም።"

"ዕረፍት ወጥቶ ይሆናል" አልኩ።

አባዬ ሳል ያዘው።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ሞተርን ላስቅ ብዬ የአባዬን መነጽር አደረግኩ። ሆዴን ነፋሁ፣ በእግሬ ፍሬን ያዝኩ። ድሮ ቢሆን መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። ፈገግ አለች። በጨዋ ደንብ።

መነጽሩን ልመልስ ማስቀመጫውን ብከፍት... ስድስት ክኒኖች፣ በሶፍት ተጠቅልለው። የሦስት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ! ኪስ ውስጥ ለምን እንዳልደበቃቸው ገብቶኛል። እማዬ በሥራዋ የሰው ኪስ ስትፈትሽ ነው የምትውለው። ቤትም ስትገባ እጇ አያርፍም።

"አባዬ፣ መነጽርህ ወልዷል።"

ፊቱ ተለዋወጠ። በሩን ዘጋ።

"ለእናትህ እንዳትነግር።"

"ለምን ግን?"

"አምስቱን ቀን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ሁለቷን ቀን ለእኔ ብትሆን ምናለ?" መነጽሩን ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገው። "ናፈቀችኝ፣ ልጄ።"

እዚሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ልጁ! ልቀልድበት ነበር። አልመጣልኝም።

ቆይ... የእማዬ ቅጽስ? ሐኪሙ ዓርብ ሲያየው "መጥፎ፣ በጣም መጥፎ" የሚለው ላይ ክኒን ቢጨምርባትስ? ያኔ ጭራሽ ልትጠፋብን ነው።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ራሷን ጠየቅኳት። እስካሁን ማን ጠየቃት?

"ክኒኑ ምን ያደርግሻል?"

"ጭንቅላቴ ውስጥ ብዙ ሬዲዮ አለ። ይዘጋቸዋል። ከዚያ አስተማሪዬ ትሰማኛለች። ማለቴ... እሰማታለሁ።"

"ታዲያ ጥሩ ነዋ።"

"ጥሩ ነው። የምወደውንም ሬዲዮ ግን ይዘጋዋል።"

ለአባዬ እንዳለ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ክሊኒክ አራታችንም ሄድን። ሐኪሙ ቅጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

"ቅዳሜና እሑድ አስቸጋሪ ነው። መጠኑን ከፍ እናደርጋለን።" እስክሪብቶውን አነሳ።

አባዬን አየሁት። ጠረጴዛው ሥር ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ረገጡ።

"ቆይ ዶክተር! ቆይ!"

የመነጽሩን ማስቀመጫ ከፍቶ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ስለናፈቀችኝ ነው" አለ። ሐኪሙ ተቆጣ፣ ደግ አደረገ። ከዚያ ሞተርን ስለ ሬዲዮዎቹ አስወራት፣ ሚዛን ላይ አቆማት፣ ክብደቷ ቀንሷል። መጠኑን አሳነሰው። ሰባቱንም ቀን ትውሰድ፣ ቅጹም እውነቱን ይጻፍበት አለ። እማዬ ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መኪና ውስጥ ግን...

"አንተ ሰውዬ፣ አንተን ብቻ ነው የናፈቀችህ? እኔ ከሥራ ስመለስ በሩን ሳልከፍት ጆሮዬን ለጥፌ እቆማለሁ። ጩኸቷን ልስማ ብዬ። ቤቱ ዝም ይላል። ገብቼ 'ጥሩ' ብዬ እጽፋለሁ።"

አባዬ መኪናውን ዳር አቆመ። ሞተር በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። እኔም በእኔ በኩል ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ማስመሪያ አምጥታ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። "ሳቅ" የሚል።

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

ሳቅ፦ ትንሽ። ሩዝ፦ ግማሽ ሰሃን። እኔ፦ አሁንም "ወንድሜ"።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

አባዬ ጠዋት ክኒኑን እማዬ ፊት ሰጣት። "ምስክር ሁኑኝ!" እያለ። እማዬ ሥራ ልትሄድ ስትል የመነጽሩንም ማስቀመጫ ፈተሸች።

ሞተር ሳሎን ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እዚህ ወጥ ቤት ድረስ እስክሪብቶዋ ይሰማል። ሩዟን ጨርሳለች። ድሮ የነበረችው አይደለችም... ያቺ ዝምተኛ እንግዳም አይደለችም። ማን እንደሆነች ገና እያየን ነው። ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ የማርማላታው ብልቃጥ አጠገቤ ነው። እናዘዛለሁ፦ ማንኪያው አሁን አፌ ውስጥ ነው። ሁለተኛው። እሺ... ሦስተኛው።

እስክሪብቶው ዝም አለ። ወንበር ተንቋቋ። ኮቴ... ኮቴ ነው? እየሮጠ! ሳሎን የአባዬ እግር ወለሉን ጓ! አደረገው፣ "ቀስ! መታጠፊያ—"

"ጋሼ ቀጭኔ! አየሁህ!"